ልብ እስክትገዛ

በልጅነቴ ሥጋ የማልበላው ጾመኛ ስለነበርኩ አይደለም። የማን እንደሆንኩ ገና ስላልተወሰነ ነው።

እናቴ ክርስቲያን ነበረች፤ አባቴ ሙስሊም። በእኛ አገር፣ በወሎ፣ ይህ ብርቅ አይደለም። ከአንድ ማህፀን የወጡ ወንድማማቾች አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ሌላው መስጊድ ሲሰግድ፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ እየተጠራሩ ሲበሉና ሲጠጡ አይተን ነው ያደግነው። የሚለየው ሥጋው ብቻ ነው። በክርስቲያን ቢላ የታረደውን ሙስሊሙ አይነካውም፤ በሙስሊም ቢላ የታረደውን ክርስቲያኑ አይቀምሰውም። ስለዚህ ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ ሁለት ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ማንም ማንንም ሳይቀየም ይበላል። ሰው የማንን ሥጋ እንደበላ ከታወቀ ወገኑም ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጠያቂ የለም።

የእኔ ነገር ግን ጠያቂ በዛበት። እናቴ ታማ የሞተችው እኔ ገና አፌን በቅጡ ሳልፈታ ነው። ቀብሯ እንዳለፈ ወገኖቿ «ልጅቱ ክርስትና ተነስታለች፣ የእኛ ናት» አሉ። የአባቴ ወገኖች ደግሞ «ልጅ የአባቷ ናት፤ ስሟንስ ያወጣንላት እኛ አይደለን?» አሉ። በእርግጥም ሁለት ስም ነበረኝ፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን እየጠራኝ አንደኛው የሌላውን እንዳልሰማ ያልፈዋል። ነገሩ እየከረረ ሲመጣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንድ ቄስና አንድ ሼህ ጎን ለጎን ሆነው ቀኑን ሙሉ ሲመክሩ ዋሉና እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ ልጅቱ ልብ እስክትገዛ የማንንም ቢላ አትቅመስ፤ ማተብም አይታሰርላት፤ ልብ ስትገዛ ራሷ ትምረጥ፤ ሥጋ የበላችበት ቤት ቤቷ ይሁን።

ሁሉም ደስ ብሎት ተመራርቆ ተለያየ ይባላል። ጥሩ ሽማግሌዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ግን ፍርዱን ፈርደው ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ከፍርዱ ጋር ቁጭ ብላ የቀረችው እኔ ነኝ።

ያደግሁት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ በእናቴ ታላቅ እህት ቤት ነው። እቴቴ ነበር የምላት። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ ጠላ እየጠመቀች ትኖራለች። ምላሷ ሰው ይልጣል፤ እጇ ግን አይሰስትም። ለፋሲካ ዶሮ ስትሠራ፣ ከትልቁ ድስት ጎን ለእኔ በትንሽ ድስት ሽሮ ትጥድልኛለች። ቅር እንዳይለኝ ቅቤውን ታበዛዋለች። እንግዳ መጥቶ «ይቺ ልጅ ጾም አትፈታም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እቴቴ ከምጣዱ ፊቷን ሳትመልስ «የሷ ነገር ቀጠሮ ላይ ነው» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

አባቴ እናቴ ከሞተች በኋላ ደሴን ጠልቶ ኮምቦልቻ ወረደ። እዚያ ሌላ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ሥጋ ቤት ከፈተ። አዎ፣ አባቴ ሥጋ ሻጭ ነበር። በሩ ላይ ጨረቃ የተሳለባት ጠባብ ሥጋ ቤት። ዘመን መለወጫ ወይም የትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን ወርጄ ሳለሁ፣ ደንበኞቹ «የሥጋ ሻጭ ልጅ ሥጋ ሳትቀምስ!» እያሉ ይገረሙብኝ ነበር። እሱ አይመልስላቸውም። እኔ ስመጣ ሥራውን አቁሞ ጓሮ ይገባና እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፤ አንዴ ታጥቦ አይበቃውም፣ አሽትቶ ይደግመዋል። ከዚያ ነው የሚያቅፈኝ። ደም እንዳይነካኝ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። የታጠበው እጁ ይቀዘቅዛል፣ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴን እወደው ነበር። ይህን ሳላቅማማ ነው የምናገረው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ተቆጥቶ አያውቅም፤ ሲያናግረኝ ጎንበስ ይላል። ሌሎች አባቶች በቀበሌ ስብሰባ ላይ ጮኸው፣ ቤታቸውም ገብተው ሲጮኹ፣ የእኔ አባት ልጆቹን አንድ በአንድ እያጎረሰ ሲያሳድር እያየሁ «የኔ አባት» እል ነበር በሆዴ። ማዕድ ላይ ከትልቁ ትሪ ሥጋ እየቆረሰ ታናናሾቼን በየተራ ያጎርሳል። የእኔ ተራ ሲደርስ እጁ ትሪውን ያልፍና ለብቻ ከቀረበልኝ ሽሮ ጠቅልሎ ያጎርሰኛል። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ ፍቅር አልጎደለውም። ግን እጁ ትሪውን ባለፈ ቁጥር በዓይኔ እከተለው ነበር። በዚያ ዕድሜዬ በዓለም ላይ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ አንድ ቀን ያንን እጁን ትሪው ላይ አሳርፎ፣ እንደ ልጆቹ ሁሉ፣ ከራሱ ቢላ ሥጋ እንዲያጎርሰኝ።

ሥጋው አምሮኝ አይደለም። ከዚያ ማዕድ ሥጋ ከበላሁ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ።

ስምንተኛ ክፍል ጀምሬ ሳለ ደሴ ወታደር በወታደር ሆና ነበር። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ቢሆንም ሰው ሁሉ በእኛ ከተማ የሚያልፍ ይመስል ነበር፤ ሲሄድም ሲመለስም። የእቴቴ ጠላ ቤትም ቀስ በቀስ የወታደር ቤት ሆነ። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ ጠላቸውን ጠጥተው እናታቸውን እያነሱ ያለቅሳሉ። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጠላ ስቀዳ፣ አንዱ ባዶ ጣሳውን የሚያቀብለኝ መስሎ እጄን ያዘና አልለቅም አለ። «ይቺ ልጅ ለካ ደርሳለች!» አለ ለጓደኞቹ። ሳቁ። እቴቴ ከጓዳ እንዴት እንደወጣች አላየሁም፤ በማማሰያ እጁን ስትመታው ብቻ ሰማሁ። ሰውየው ብድግ አለ። መሣሪያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ጓደኞቹ ይዘው አስቀመጡት እንጂ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቦታዬ ጓዳ ሆነ። እቴቴ እንደ ድሮው ቀልድ አትቀልድም። ቀሚሴ ደረቴ ላይ ሲጠብ አይታ ስፌቱን ፈትታ ታሰፋዋለች፣ በማግስቱ ደግሞ ጠቧል ብላ ትበሳጫለች። አንዳንዴ ጠላውን እየጨመቀች ድንገት «የአባትሽ ቤት ግቢው አጥር አለው አይደል?» ትለኛለች። አዎ፣ የቆርቆሮ አጥር አለው እላታለሁ። መጭመቋን ትቀጥላለች።

እኔ በበኩሌ ወስኜ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ ልብ የገዛሁ መሰለኝ። ስለ ሃይማኖት የማውቀው ብዙ ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ የቅዳሴውንም ዜማ እወዳለሁ፣ በረመዳን የአባቴ ሚስት የሌሊቱን ምግብ፣ ሱሑርን፣ ስትሠራ ቀስቅሳኝ አብሬያት ስቀመጥም ደስ ይለኛል። የመረጥኩት አባቴን ነው። ዘንድሮ ዓረፋን ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከማዕዱ እበላና እዚያው እሆናለሁ አልኩ በሆዴ። አንገቴ ባዶውን መሆኑ፣ ልጆች «ማተብሽ የታለ?» እያሉ መጠየቃቸው፣ ሁለት ስም መያዜ፣ ሁሉም በአንድ ጉርሻ ያበቃል።

ክረምት ነበር፣ ትምህርት ተዘግቷል። «ዘንድሮ ዓረፋን ከአባዬ ጋር ልዋል?» አልኳት እቴቴን፣ ትቆጣለች ብዬ እየፈራሁ። አልተቆጣችም። «ሂጂ» አለችኝ ቶሎ። ጸጉሬን አጥባ ሹሩባ ሠራችኝ። ልብሴን በሙሉ፣ የክቱንም የቤቱንም፣ አጣጥፋ በአንድ ጨርቅ ቋጠረችው።

«እቴቴ፣ ይኼን ሁሉ ምን አደርገዋለሁ? ለበዓል እኮ ነው» አልኳት።

«ኮምቦልቻ ወበቅ ነው፤ ያልብሻል። ትለዋወጪዋለሽ» አለችኝ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝታኝ ጉንጬን ስማ አልበቃት ብሎ እንደገና ጠርታ ሳመችኝ። እሷ እንዲህ የምታደርግ ሴት አልነበረችም።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ በየጠመዝማዛው ሲንፏቀቅ ሴቶቹ ስለት ይሳላሉ፤ ግማሹ ለማርያም፣ ግማሹ ለአላህ። እኔ አልፈራሁም። ከጉሙ ስንወጣና ታች ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲያብለጨልጭ ሳይ ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ወረደ። ኬላው ላይ አስወርደው ሲፈትሹን ቋጠሮዬን የፈታው ታጣቂ «ምነው፣ ቤት እየቀየርሽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

የአባቴ ሚስት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ደግ ሴት ናት፤ የእንጀራ እናት ሲባል የሚወራው ነገር እሷን አይመለከትም። «መርሃባ፣ መርሃባ የኔ ዓለም! ዓይኔ ኸመንገዱ ሳይነቀል ነው የዋለው» ብላ ቋጠሮዬን ተቀበለችኝ። ውስጥ ስገባ ከልጆቹ መደብ ጎን አዲስ ፍራሽ ተዘርግቷል። ከሳጥኖቹ አንዱን ባዶ አድርጋ «ይኼ የልብስሽ ነው» አለችኝ። አዲስ ሻሽም ገዝታልኝ ነበር። ከዚህ በፊት ስመጣ ልጆቹ መካከል ተኝቼ እሄድ ስለነበር ትንሽ ገረመኝ። ቢሆንም ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ሰው የተመኘውን ሲያገኝ ለምን አይልም።

አባቴ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ሲመጣ እንደ ልማዱ እጁን ታጥቦ አቀፈኝ። «አደግሽ» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አላየኝም፤ ወደ ሚስቱ ዞሮ ስለ በጉ ማውራት ጀመረ። ደክሞታል አልኩ።

በማግስቱ ዓረፋ ነበር። ከሶላት መልስ አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያርድ አረፈደ፤ ቢላ አያያዙን ሰው ስለሚያምነው ባሎቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች ሁሉ እሱን ነበር የሚጠሩት። የቤታችንን በግ መጨረሻ ላይ አረደው። እኔ ሽንኩርት ስልጥ፣ ልጆቹን ሳጥብ፣ ውኃ ሳመላልስ ዋልኩ። እንግዳ ሆኜ አልተቀመጥኩም። የአባቴ ሚስት «አንቺ ልጅ፣ አላህ ያሳድግሽ፣ ለካ ሴት ልጅ እንዲህ ታሳርፋለች» ትለኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ትሪው ቀረበ። ልጆቹ ከበቡት። የእኔ ሽሮ አልነበረም፤ ፈልጌም አላየሁም። የአባቴ ሚስት ከጎድኑ አንድ መልካም ቁራጭ አነሳችና እኔ ፊት አስቀመጠችልኝ።

«ቢስሚላህ በዪ» አለችኝ።

«አባዬ» አልኩ። ፊቱን እያየሁ ቀጠልኩ፣ «ልብ ገዝቻለሁ። እኔም ካንተ ጋር እበላለሁ።»

እጄን ስዘረጋ የአባቴ እጅ ቀደመኝ። አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። ቁራጩን ቀስ አድርጎ አነሳና ወደራሱ በኩል መለሰው።

«ቆይ» አለ። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ለሷ ሽሮዋን አምጪላት» አላት።

«የምን ሽሮ? ዛሬ መች ሠራሁ?» አለች እሷ፣ እጇ አየር ላይ እንደቀረ። «ተው እንጂ! ኸራሷ አፍ ወጣ እኮ! ልብ ገዝቻለሁ አለችህ!»

«የእናቷ አደራ አለብኝ። ነገ አላህ ፊት ስቆም እጠየቅበታለሁ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ፤ ያ ለስላሳ ድምፁ። «አክስትሽ ምን ትላለች ልጄ? እንደ ልጇ አድርጋ አሳድጋሽ ዛሬ እኔ ላስለቅሳት? ትምህርትሽም እዚያ፣ የእናትሽም መቃብር እዚያ። አንቺ እኮ ምንም የጎደለብሽ ነገር የለም። አብሽሪ።»

አብሽሪ። በእኛ አገር ለታመመ፣ ለሞተበት፣ ለከፋው ሁሉ የምንለው ነው። ሚስቱ አንድ ጊዜ አየችውና ተነስታ ወጣች። በዓረፋ ቀን፣ በግ በታረደበት ቤት፣ ለአንዲት ልጅ ሽሮ ልትጥድ። ልጆቹ ማላመጣቸውን ትተው አፈጠጡብኝ። ሽሮው ሲመጣ አባቴ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ላለማልቀስ ስታገል ዓይኔ ትሪው ላይ ከነበረው ቢላ ሌላ የሚያየው አጣ።

እንደምንም ራሴን አጽናናሁ። የሚጣፍጥ ማጽናኛ ነበር የሰጠኝ። አባቴ አደራ የማይበላ ሰው ነው አልኩ። የሞተች ሚስቱን ቃል የሚጠብቅ፣ የእቴቴን እንባ የሚፈራ። ሌላ ወንድ ቢሆን ልጅ ወደኔ መጣች ብሎ ይፎክር ነበር። በነጋታው ቋጠሮዬን ተሸክሞ መኪና አሳፈረኝ፤ ሸንኮራ ገዝቶ በመስኮት አቀበለኝ፤ መኪናው እስኪሄድ ቆመ። ሐረጎን ስንወጣ አለቀስኩ፣ ግን ለቅሶው ውስጥ ኩራት ነበረበት። እንዲህ ያለ አባት ስላለኝ።

እቴቴ ግቢው ውስጥ ጋን አጥባ ደፍታ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቋጠሮዬንም አየችው።

«ምነው? ምን ረስተሽ መጣሽ?» አለችኝ።

 ወደ ቤቴ የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

«በዓሉ አለቀ» አልኳት።

«አልበላሽም እንዴ?»

«አባዬ ከለከለኝ። የእናትሽ አደራ አለብኝ አለኝ። አንቺን እንዳያስለቅስሽ ብሎ።» ይህን ስላት እንኳ ደስ እንዲላት ፈልጌ ነበር።

እቴቴ የተደፋው ጋን ላይ ቁጭ አለች። እጇ እንደራሰ ነው።

«እኔን?» አለች። «እኔን እንዳያስለቅሰኝ? እኔ አይደለሁም እንዴ የላኩበት! 'ልጅቷ ደረሰች፣ ቤቴ ወታደር በወታደር ሆኗል፣ ለዓረፋ ስልክልህ ኸማዕድህ አብላትና ትቅርልህ' ብዬ፣ የቅቤ ነጋዴዋን አስምዬ የላኩበት እኔ! እሺ ብሎኝ ነበር እኮ! 'ልጄ አይደለች፣ ደስታዬ ነው' ብሎ ነበር የመለሰልኝ!»

ተናግራ ስትጨርስ የተናገረችውን ሰማችው። በእርጥብ እጇ አፏን ያዘች።

 አዲሱ ፍራሽ፣ ባዶው ሳጥን፣ የሚስቱ «ተው እንጂ» ማለት፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ከበላሁ መቅረቴ ነው። ስለዚህ እንዳልበላ አደረገኝ። የእናቴ አደራ፣ የእቴቴ እንባ፣ የአላህ ፊት፣ ሁሉም አንዲት ሴት ልጅ ቤቱ እንዳትቀር የተደረደሩ ቃላት ነበሩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቤቱ ጠብቦት ይሆን፣ ፊቴ እናቴን ያስታውሰው ይሆን፣ ወይ እንዲሁ ፈርቶ ይሆን፤ ጠይቄው አላውቅም። ሰው ልጁን አልፈልግሽም ከማለት ሽሮ ማጉረስ ይቀለዋል።

ሌላው ደግሞ ቆየት ብሎ ነው የመጣብኝ። እቴቴም ልካኛለች። ልብሴን በሙሉ አጣጥፋ፣ ደግማ ስማ፣ ልካኛለች። አሁን እናት ሆኜ ሳስበው እውነት ነበራት፤ ከዚያ ወታደር ነው ያሸሸችኝ፣ አጥር ያለው ቤት ፈልጋልኝ ነው። ያኔ ግን ይህን የሚያስብ ልብ አልነበረኝም። ያኔ የተረዳሁት አንዱ ሊያወጣኝ ሌላው ላያስገባኝ ሲላላኩብኝ እንደከረሙ ብቻ ነው። ጓዳ ገብቼ ጠላው ጥንስስ አጠገብ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ልጄ» ትላለች፣ ግን አልገባችም። ምን ብላ ትገባለች?

ከዚያ እልህ ያዛት። «ዶሮ ይታረድላታል!» አለች። ለማን እንደምትናገር እንጃ፣ ለኮምቦልቻ ይመስለኛል። «እንደ ውሻ ከማዕድ የሚገፏት ልጅ የለችኝም!» ማግስቱ ዓርብ ስለነበር እስከ ቅዳሜ መቆየት ግድ ሆነ። ሴት ስለማታርድ ጎረቤት ያለውን ሽማግሌ ለመነችው። ጥቁር ክር ገዝታ ማተቤን ራሷ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ሁሉም የሚያውቀው ልጅቷ ልብ ገዝታ፣ ዓረፋን ወርዳ እንኳ ሳትበላ ተመልሳ እኛን መረጠች የሚለውን ነው። እልል አሉ። «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ!» እያሉ ጉንጬን ሳሙ። አንዷ ሴትዮ «ደም መቼ ይቀራል!» ብላ አለቀሰች።

እቴቴ ፈረሰኛውን አንስታ አጎረሰችኝ። በሕይወቴ የቀመስኩት የመጀመሪያ ሥጋ ነው። በርበሬው ያቃጥላል፤ ሥጋው ጥርሴ መካከል ክር ክር አለ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ዓመት? አልኩ በልቤ።

«ይጣፍጣል?» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። ይቅር በይኝ ማለቷ ነበር።

«ይጣፍጣል» አልኳት።

በዚህ ሁኔታ ክርስቲያን ሆንኩ፤ ዛሬም ነኝ፣ ልጆቼንም ክርስትና አስነስቻለሁ፤ እምነቴም የምሬ ነው። ግን ሰው «አንቺ እኮ ራስሽ መርጠሽ ነው» ሲለኝ መልስ አልሰጥም። የመረጥኩት ሌላ ነበር። አልፈለገኝም።

አባቴ የመጣው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። ለእቴቴ «ምንም እንዳታነሺበት፣ በእናቴ ይሁንብሽ» ብዬ አስምያት ነበር። ቃሏን ጠበቀች፤ ጥርሷን ነክሳ «ደህና ነህ?» ብላ ጠላ እንደማይጠጣ ስለምታውቅ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቅሪቦ፣ ቀዳችለት። ከሐርቡ ያመጣውን ፓፓያ እኔ ተቀበልኩት። እንደሁልጊዜው መደቡ ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ስል አንገቴ ላይ ያለውን ክር አየ።

«በላሽ እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«በላሁ፣ አባዬ።»

«እዚሁ?»

«እዚሁ።»

ዓይኖቹን ጨፈነ። «አልሃምዱሊላህ» አለ። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። እሰይ። እሰይ።» ያዘነ መሰለኝና ፊቱን አተኩሬ አየሁት። ሐዘን ፈለግሁበት። ትንሽ ቢኖር ይበቃኝ ነበር። አባቴ ግን ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ቅሪቦ ይጨመርልኝ አለ። ከዚያ አንድ በሬ ከሥጋ ቤቱ ገመዱን በጥሶ ቀበሌው ስብሰባ መካከል እንዴት እንደገባና ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደወጣ ማውራት ጀመረ። ጥሩ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ እቴቴ እንኳ ሳትወድ ፈገግ አለች። እሱም ከልቡ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

አባቴ በእኛ ቤት ሲስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።